እናት ሬጅስትራር ስትሆን

አሜሪካ ውስጥ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያመለክት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሰነዶቹን የሚልክለት አማካሪ አለው። አማካሪው የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ነው፤ የአራት ዓመት ውጤቱን ከመዝገብ አውጥቶ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ አጭር መግለጫ አክሎ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ጽፎ ይልካል። ከአንድ ሺህ በላይ ኮሌጆች በሚቀበሉት «ኮመን አፕ» በተባለው የማመልከቻ ሥርዓት ላይ ግን ይህን የአማካሪ ቦታ አንዳንድ ጊዜ የተማሪው እናት ወይም አባት ይሞላዋል። ትምህርት ቤቱ ቤታቸው ነውና። ርእሰ መምህሯም፣ መምህሯም፣ ሬጅስትራሯም፣ በሰነዱ ግርጌ የምትፈርመውም አንዲት እናት ትሆናለች።

በተለምዶ «ሆምስኩል» የሚባለው የቤት ውስጥ ትምህርት በ1970ዎቹ በብዙ ግዛቶች ወላጅን ፍርድ ቤት ያስቆም ነበር። በ1993 ግን በ50ዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ ሆኗል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ በተለይ ካልተጠቀሰ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የኮቪድ ወረርሽኝ ደግሞ ቁጥሩን በአንድ ጊዜ አሳደገው። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ባካሄደው ዳሰሳ፣ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ካሏቸው ቤተሰቦች መካከል በቤት የሚያስተምሩት በ2020 ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ሰሞን 5.4 ከመቶ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት አዲሱ የትምህርት ዘመን ሲከፈት 11.1 ከመቶ ደረሱ። በጥቁር ቤተሰቦች ዘንድ ለውጡ ከሁሉም የጎላ ነበር፤ ከ3.3 ወደ 16.1 ከመቶ አሻቅቧል።

ልጁ ማንበብና ማባዛት እስኪለምድ ድረስ ሥራው በትዕግሥት ይገፋል። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ግን በማስተማሩ ላይ ሌላ ሥራ ይደረባል፤ እሱም መዝገብ መያዝ ነው። ብዙ ወላጆች የሚዘናጉት እዚህ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ተምሮ ያደገ ወላጅ የመዝገቡን ክብደት አሳንሶ ቢያይ አይፈረድበትም። እዚያ የተማሪውን ዕጣ የሚወስነው በዋናነት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ2014 ዓ.ም. ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንዲሰጥ ሲደረግ ከተፈታኞቹ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ይታወሳል። በየትምህርት ቤቱ ካርድ ላይ ሲደረደር የኖረው ጥሩ ውጤት ያን ቀን ብዙዎችን አላዳነም። አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። አገር አቀፍ የመልቀቂያ ፈተና የለም፤ ኤስኤቲና ኤሲቲ የተባሉትን ፈተናዎችም ከ2020 ወዲህ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረቱ አድርገዋቸዋል። ስለዚህ አብዛኛው ክብደት ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በተሰበሰበው ትራንስክሪፕት ላይ ያርፋል። የመግቢያ ክፍሉ ባለሙያ በእናት የተፈረመ ትራንስክሪፕት ሲደርሰው የሚያነሣው ጥያቄም ቀላል ነው፦ ከዚህ ወረቀት ጀርባ ምን አለ?

ጥያቄው የቆየ ነው። በ1983 ግራንት ኮልፋክስ የተባለ የካሊፎርኒያ ወጣት ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ አገር ጉድ ብሎ ነበር። ቡንቪል በተባለች የገጠር ከተማ አቅራቢያ ወላጆቹ ራሳቸው በሠሩት ቤት፣ ፍየል እያረባ፣ እዚያው እየተማረ ያደገ ልጅ ነበር። ትራንስክሪፕት አትሞ፣ ማኅተም አድርጎ የሚልክለት ትምህርት ቤት አልነበረውም። ሁለት ወንድሞቹም ተከትለውት ሃርቫርድ ገቡ። ግራንት ሐኪም ሆኖ በ2012 በፕሬዚዳንት ኦባማ ዘመን የኋይት ሐውስ የኤድስ ፖሊሲ ጽሕፈት ቤትን መርቷል፤ በ2019 ደግሞ የሳን ፍራንሲስኮ የጤና ቢሮ ኃላፊ ሆኗል። ግራንት ባመለከተበት ዘመን የእንዲህ ያለ ልጅ ማመልከቻ ብርቅ ስለነበር በጥሞና ይነበብ ነበር። ዛሬ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ መሰል ማመልከቻዎች ይጎርፋሉ፤ ታሪኩ ብቻውን በር አይከፍትም። ወላጁ በሌሎች ትምህርት ቤቶች ቋንቋ መናገር ይጠበቅበታል። የዚህ ቋንቋ መሠረቱ ደግሞ ክሬዲት ነው።

ክሬዲት ከየት መጣ? ባለጸጋው አንድሩ ካርኔጊ በ1905 ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ የሚሆን 10 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ፋውንዴሽን ግን አንድ ችግር ገጠመው፤ ራሱን ኮሌጅ ብሎ የሚጠራ ተቋም ብዙ በመሆኑ እውነተኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ነበረበት። መፍትሔው፣ ከሚቀበላቸው ተማሪዎች 14 ዩኒት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚጠይቀው ብቻ ኮሌጅ ይባል የሚል ሆነ። አንድ ዩኒት ማለትም አንድን ትምህርት በዓመት ውስጥ ለ120 ሰዓት ያህል መማር ነው። ጡረታውን የፈለጉ ኮሌጆች መለኪያውን ተቀበሉ፤ ሃይስኩሎችም ተከተሏቸው። የመምህራን ጡረታ ለማከፋፈል የወጣ መስፈርት ከመቶ ዓመት በላይ የተማሪዎች መለኪያ ሆኖ ቀረ። ፋውንዴሽኑ ራሱ በ2023 ኢቲኤስ ከተባለው የፈተና ድርጅት ጋር ሆኖ ከመቀመጫ ሰዓት ይልቅ ችሎታን የሚለካ ሌላ ዘዴ ለማበጀት ሥራ ጀምሯል። እስከዚያ ግን ሁሉም የሚቆጥረው በአሮጌው ነው።

አቆጣጠሩም ቢሆን በየቦታው ይለያያል። የቨርጂኒያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለአንድ ክሬዲት 140 ሰዓት ይጠይቃሉ፤ ኒውዮርክ 6,480 ደቂቃ፣ ማለትም 108 ሰዓት ይበቃዋል። በካሊፎርኒያ ደግሞ የዓመት ትምህርት በተለምዶ አሥር ክሬዲት ተብሎ ይመዘገባል። በቤት የሚያስተምር ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ 120ን መነሻ ያደርጋል። በሳምንት አራት ሰዓት ባዮሎጂ ለ36 ሳምንት ቢማሩ 144 ሰዓት ይሆናል፤ ቤተ ሙከራውን ጨምሮ አንድ ሙሉ ክሬዲት ያስይዛል። በሳምንት ሁለት ሰዓት የተሰጠ ሥዕል ወይም ስፖርት ግማሽ ክሬዲት ነው።

ሰዓት መቁጠር የማይመች ከሆነ ሌላም መንገድ አለ። ለሃይስኩል የተዘጋጀ የአንድ ዓመት መማሪያ መጽሐፍ በአብዛኛው ከተጠናቀቀ እንደ አንድ ክሬዲት ይቆጠራል። ተማሪው ሃይስኩል ሳለ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚወስደው ባለ ሦስት ክሬዲት የአንድ ሴሚስተር ትምህርትም በብዙ ቦታ እንደ አንድ የሃይስኩል ክሬዲት ይያዛል፤ ግማሽ ብቻ የሚሰጡም አሉ። ዋናው ነገር የተመረጠው ዘዴ በትራንስክሪፕቱ ግርጌ በአንድ መስመር መጻፉ ነው። አንዱን ትምህርት በሰዓት፣ ሌላውን በግምት የቆጠረ ወረቀት አንባቢውን ያጠራጥራል።

የነጥብ አማካዩ ስሌትም ብዙዎችን ያሳስታል። አንዲት ተማሪ በባዮሎጂ ኤ፣ በታሪክ ቢ፣ በስፖርት ኤ አገኘች እንበል። ሦስቱን ደምሮ ለሦስት ማካፈል 3.67 ይሰጣል፤ ስሕተት ነው። ስፖርቱ ግማሽ ክሬዲት ስለሆነ የሚገባለት አራት ሳይሆን ሁለት ነጥብ ነው። አራት ሲደመር ሦስት ሲደመር ሁለት፣ ዘጠኝ፤ ለሁለት ተኩል ክሬዲት ሲካፈል 3.6 ይመጣል። ልዩነቱ ትንሽ ይምሰል እንጂ የመግቢያ ክፍሉ ባለሙያ በራሱ መንገድ ደግሞ ያሰላዋል፤ ቁጥሩ ካልገጠመለት የቀረውንም ማመን ይከብደዋል።

ወላጁ የሚይዘው መዝገብ ምን ያህል እንደሆነ መጀመሪያ የሚወስነው የሚኖርበት ግዛት ሕግ ነው። ከአጥባቂዎቹ አንዷ ፔንሲልቬኒያ ናት። በ1988 የወጣው ሕጓ ወላጁ በየዓመቱ ቃለ መሐላ እንዲያስገባ፣ ለሁለተኛ ደረጃ 180 ቀን ወይም 990 ሰዓት እንዲያስተምር፣ የተነበቡትን መጻሕፍት በርእሳቸው የሚዘረዝር የዕለት መዝገብ ትምህርቱ በተሰጠበት ጊዜ እንዲጽፍ ያዛል። የሥራ ናሙናዎች ያሉበትን ፖርትፎሊዮ ብቃት ያለው ገምጋሚ ያየዋል፤ ልጁንም ያነጋግረዋል። ለመመረቅም አራት ዓመት እንግሊዝኛ፣ ሦስት ሦስት ዓመት ሒሳብ፣ ሳይንስና ማኅበራዊ ትምህርት፣ ሁለት ዓመት ሥነ ጥበብና ሰብአዊ ትምህርት ይጠየቃል። ሕጉ ከተሻሻለበት ከ2014 ወዲህ በግዛቲቱ ቅጽ ላይ ወላጁና ገምጋሚው የሚፈርሙበት ዲፕሎማ ሕጋዊ ዕውቅና አለው። ኒውዮርክም እንዲሁ የትምህርት ዕቅድ፣ የየሩብ ዓመት ሪፖርትና የዓመት ምዘና ትፈልጋለች።

ብዙ ሐበሾች በሚኖሩባቸው በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሕጉ መካከለኛ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የወረዳው ትምህርት ቢሮ በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ፖርትፎሊዮውን ሊያይ ይችላል፤ ወይም ቤተሰቡ በአንድ የሃይማኖት ወይም የግል ተቋም ጥላ ሥር ይመዘገባል። ቨርጂኒያ እስከ ነሐሴ 15 ማስታወቂያ፣ በሚቀጥለው ዓመት እስከ ነሐሴ 1 ደግሞ ልጁ መሻሻሉን የሚያሳይ ማስረጃ ትጠይቃለች፤ ቀኖቹ በፈረንጅ ናቸው። ማስረጃው የፈተና ውጤት ወይም የገምጋሚ ደብዳቤ ሊሆን ይችላል። ግዛቲቱ ግን ለእነዚህ ልጆች ዲፕሎማ አትሰጥም፤ ትራንስክሪፕታቸውንም አታስቀምጥም።

በሌላው ጫፍ ቴክሳስ አለች። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1994 የቤት ትምህርት እንደ ግል ትምህርት ቤት እንዲቆጠር ያጸና ሲሆን፣ ወላጁ መመዝገብም፣ ልጁን ማስፈተንም፣ ሪፖርት ማድረግም አይገደድም። ለብዙዎች ይህ ነጻነት ነው፤ በርግጥም ነው። ነገር ግን መንግሥት ያልጠየቀውን ወረቀት በኋላ ኮሌጁ፣ አሠሪው ወይም የሙያ ፈቃድ ሰጪው መጠየቁ አይቀርም። በፔንሲልቬኒያ ያለች እናት ወደደችም ጠላችም በአራት ዓመት መጨረሻ አራት ወፍራም ፋይሎች ይኖሯታል። የቴክሳሷ እናት ራሷ ካላሰበችበት በእጇ ምንም አይኖርም። ሕጉ በላላ ቁጥር የወላጁ መዝገብ መጥበቅ አለበት የሚባለው ለዚህ ነው።

ነገሩ እስከ የት ሊደርስ እንደሚችል በ2015 ታይቷል። እዚያው ቴክሳስ ውስጥ በቤት የተወለደችና በቤት የተማረች አንዲት ወጣት፣ የልደት ሰርተፍኬትም ሆነ የትምህርት ቤት መዝገብ እንደሌላት፣ በዚህም ምክንያት አሜሪካዊት መሆኗን ማረጋገጥ እንዳልቻለች በቪዲዮ ተናግራ መነጋገሪያ ሆነች። ወላጅ ለልጁ የማንነት ማረጋገጫ መከልከሉን የሚያስቀጣ ሕግ በዚያው ዓመት ወጣ። ይህ የጠርዝ ታሪክ ነው፤ አብዛኛው ቤተሰብ እንዲህ አያደርግም። ግን በሌሎች ዘንድ በራሱ ጊዜ የሚከማቸው ሰነድ በእነዚህ ቤቶች ሰው ካልያዘው እንደማይኖር በግልጽ ያሳያል። በጦርነት ወይም በስደት ሰነዱ የጠፋበት ኢትዮጵያዊ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አያጣውም።

ታዲያ ጥሩ መዝገብ ምን ይመስላል? ሦስት ንብርብር አለው። ከላይ ያለው ትራንስክሪፕቱ ነው፤ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። የተማሪው ስም፣ የልደት ቀን፣ በየዓመቱ የተወሰዱት ትምህርቶች፣ ክሬዲት፣ ውጤት፣ ድምር ነጥብ አማካይ፣ የምረቃ ቀንና ፊርማ ይሰፍሩበታል። አንዳንድ ኮሌጆች ፊርማው በኖተሪ እንዲረጋገጥ ይጠይቃሉ። ከሥሩ የትምህርት መግለጫ ይመጣል፤ ለእያንዳንዱ ትምህርት በአንድ አንቀጽ የትኛው መጽሐፍ እንደተነበበ፣ ምን ሙከራ እንደተሠራ፣ ማን እንዳስተማረ፣ ውጤቱ ከምን ከምን እንደተሰበሰበ ይጻፋል። ከሁሉም በታች ማንም ላያየው የሚችለው፣ ግን ሁለቱን የተሸከመው ማህደር አለ፦ ቀን የተጻፈባቸው ፈተናዎች፣ የቤተ ሙከራ ደብተር፣ ከዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ የተመረጡ ድርሰቶች፣ የመጻሕፍት ዝርዝር፣ የበጎ ፈቃድ ሥራ ሰዓት።

ይህ ማህደር በሰኔ መጨረሻ በትዝታ አይሞላም። የዕቁብ ጸሐፊ የገባውን ገንዘብ በገባበት ዕለት እንደሚመዘግብ ሁሉ፣ ወላጁም በሳምንት ሃያ ደቂቃ ቢመድብ ይበቃዋል። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ኅዳር ወር፣ የማመልከቻው ጊዜ ሲደርስ፣ የዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ በየትኛው መጽሐፍ እንደተማሩ ማስታወስ የሚችል ቤተሰብ ጥቂት ነው።

ማህደሩን የሚጠይቅ አካል የለም የሚል ካለ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩን፣ ኤንሲኤኤን ይመልከት። በከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ መጫወት የሚፈልግ ተማሪ 16 መሠረታዊ ትምህርቶችን ማጠናቀቅ አለበት። በቤት የተማረ ከሆነ ደግሞ ለእያንዳንዱ ትምህርት ይዘቱንና መጽሐፉን የሚያሳይ ቅጽ፣ ፊርማ ያለበት ትራንስክሪፕት፣ የተመረቀበትን ቀን የሚገልጽ ማስረጃ፣ ትምህርቱም በግዛቱ ሕግ መሠረት የተሰጠ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰነድ ይቀርባል። ልጁ ኳስ ወይም ሩጫ የሚወድ ከሆነ ይህን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ማወቅና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ መስማት አንድ አይደሉም።

ፊርማው የወላጅ በመሆኑ የሚነሣውን ጥርጣሬ የሚያረግበው የውጭ ምስክር ነው። አድቫንስድ ፕሌስመንት፣ በአጭሩ ኤፒ የሚባሉት ፈተናዎች በየዓመቱ ግንቦት ላይ ይሰጣሉ፤ በቤት የሚማር ልጅም በአንድ ትምህርት ቤት በኩል ሊፈተን ይችላል። ሆኖም ትምህርቱን በትራንስክሪፕቱ ላይ «ኤፒ» ብሎ ለመጥራት ወላጁ የትምህርት ዕቅዱን ፈተናዎቹን ለሚያዘጋጀው ለኮሌጅ ቦርድ አቅርቦ ማስፈቀድ አለበት። ሳያስፈቅዱ መጻፍ ማጋነን ሆኖ ይቆጠራል። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ትምህርት ከዚህም ይሻላል፤ ውጤቱን የሚሰጠው ልጁን የማያውቅ መምህር ነው፣ ትራንስክሪፕቱንም የሚልከው የኮሌጁ ሬጅስትራር ነው። በአንጻሩ በአልጀብራ ኤ የተሰጠው ልጅ በኮሌጁ የምደባ ፈተና ወደ ማካካሻ ክፍል ቢላክ የእናቱ ወረቀት በሙሉ ጥያቄ ውስጥ ይገባል።

ሐበሻ ወላጆች የሚዘነጉት አንድ ሀብት አለ፤ አማርኛ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከአመልካች ቢያንስ ሁለት ዓመት የውጭ ቋንቋ ይፈልጋሉ። ቅዳሜ ወይም እሑድ በቤተ ክርስቲያን ፊደልና ንባብ የሚማር ልጅ፣ ወይም በመስጊድ ዐረብኛ የሚቀራ ልጅ፣ የክሬዲቱን ግማሽ መንገድ ሄዷል። በሳምንት ሁለት ሰዓት ለ40 ሳምንት 80 ሰዓት ነው፤ በቤት በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ንባብና ድርሰት ቢታከልበት 120 ይሞላል። ቤት ውስጥ መናገር ብቻውን ግን ትምህርት አይባልም። የተነበቡት መጻሕፍት፣ የተጻፉት ድርሰቶች፣ የመምህሩ ምዘና በማህደሩ መኖር አለባቸው። አማርኛን የሚመዝኑ የቋንቋ ብቃት ፈተናዎችም አሜሪካ ውስጥ ስላሉ፣ ልጁ ተፈትኖ የሚያገኘው ውጤት ለክሬዲቱ ጠንካራ ምስክር ይሆነዋል።

ሌላው አደጋ ዕቅድ ሲቀየር የሚመጣ ነው። እናት ሥራ ትይዛለች፣ ቤተሰብ ከግዛት ግዛት ይዛወራል፣ ልጁም አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ይመለሳል። ቨርጂኒያ ለመደበኛው ዲፕሎማ 22 ክሬዲት ትጠይቃለች፤ ሜሪላንድ 21። በቤት የተገኘውን ክሬዲት መቀበል አለመቀበል በአብዛኛው የተቀባዩ ትምህርት ቤት ውሳኔ ነው። ዝርዝር መግለጫና የሥራ ናሙና ያላቀረበ ተማሪ በዕድሜ እኩዮቹ ከሆኑት ወደ ኋላ ሊመደብ ይችላል። ሁለት ዓመት በትጋት የተማረ ልጅ ይህ ሲደርስበት የሚሰማውን መገመት አይከብድም።

ለኮሌጅ ክፍያ የሚሰጠውን የፌዴራል ድጋፍ በተመለከተ ግን የሚነገረው ስጋት ከልክ ያለፈ ነው። ከ1998 የሕግ ማሻሻያ ወዲህ በግዛታቸው ሕግ መሠረት በቤት ትምህርታቸውን ያጠናቀቁ ልጆች ድጋፉን ማግኘት ይችላሉ፤ ፋፍሳ በሚባለው ቅጽ ላይም «በቤት የተማረ» የሚል ምርጫ አለ። ስለዚህ ጂኢዲ የተባለውን ምትክ ፈተና መውሰድ ግዴታ ነው የሚለው ምክር ለሁሉም አይሠራም። ልጁ የሚያመለክትበት ኮሌጅ ምን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይቀድማል።

ከምረቃው በኋላም መዝገቡ ሥራው አያበቃም። የመንግሥት ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪው ከሃያ ዓመት በኋላ ቢመለስ ትራንስክሪፕቱን ከማህደር ያወጣለታል። የቤት ትምህርት ቤት ግን ወላጁ ሲያረጅ ወይም ሲሞት ይዘጋል። ልጁ ለወታደር ቤት፣ ለነርስነት ፈቃድ ወይም ለመንግሥት ሥራ ሰነዱን በተጠየቀ ጊዜ የሚደውልበት መዝገብ ቤት የለውም። ስለዚህ የተፈረመ ዋና ቅጂ በልጁ እጅ፣ ሌላ በወላጅ ዘንድ፣ ሦስተኛ ደግሞ በኮምፒውተር ማስቀመጥ ከምረቃው ሥነ ሥርዓት እኩል ሊታሰብበት ይገባል።

በአሜሪካ ልጁን በቤት ለማስተማር የወሰነ ወላጅ ምርጫው ሕጋዊ መብቱ ነው፤ የመዝገቡ ኃላፊነትም አብሮት ይመጣል። በሚቀጥለው መስከረም ዘጠነኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ያላችሁ፣ የግዛታችሁን ሕግ አሁኑኑ አንብቡ፤ አንድ ክሬዲት በእናንተ ቤት ስንት ሰዓት እንደሆነ ወስናችሁ ጻፉ፤ በየዓመቱ ሰኔ ላይ ትራንስክሪፕቱን አጠናቃችሁ ፈርሙበት። አሥረኛ ወይም አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳችሁ ምንም ያልያዛችሁም ብትሆኑ መጻሕፍቱ ገና መደርደሪያው ላይ፣ ደብተሮቹም መሳቢያው ውስጥ ሳሉ በዚህ ሳምንት ጀምሩ።